ሁለት የሚመሳሰሉ የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች ፊት ስትቆሙ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ገዢ የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

ታናሽ ወንድሜ በግንቦት መጨረሻ ሁለት ፎቶ ላከልኝ። ሁለቱም የኤሌክትሪክ ብስክሌት ናቸው። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም 48 ቮልት፣ ሁለቱም ባለ ሰባት ማርሽ። ከሥሩ "የቱን ልግዛ?" ብሎ ጽፏል። እኔም በጥያቄ መለስኩለት፦ "ማታ ወደ ቤት ስትመለስ የሚያስቸግርህ ዳገት የቱ ነው?"

ወንድሜ ሽሮ ሜዳ ይኖራል። ሥራው ቦሌ ነው። ጠዋት ቁልቁለት፣ ማታ ዳገት። ለእሱ የሚሆነው ብስክሌት ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ሜዳው ላይ ለሚነዳ ሰው ላይሆን ይችላል። ሻጩ ይህን አያውቅም፤ የሱቁ ወረቀት ላይም አልተጻፈም። የሚያውቀው ገዢው ብቻ ነው።

ከዚህ በታች የምነግራችሁ እኔና እሱ በሦስት ሳምንት ውስጥ ያደረግነውን ነው። ሁለቱን ብስክሌቶች "ወፍራሙ" እና "ቀጭኑ" ብለን ጠራናቸው። ወፍራሙ 20 በ4 ኢንች ጎማ አለው፤ ሲያዩት ሞተር ሳይክል ይመስላል። ቀጭኑ የተለመደው 26 ኢንች የተራራ ብስክሌት ነው። ወንድሜ ልቡ ከወፍራሙ ጋር ነበር።

ደረጃ 1፦ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት መንገዳችሁን ለኩ

ስልካችሁ ላይ ካርታ ከፍታችሁ ከቤት እስከ ሥራ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ እዩ። ከዚያ ከፍታ የሚያሳይ አፕ ጫኑ። ቤት ደጃፍ ላይ ቁጥሩን ጻፉ፤ ሥራ ቦታም ጻፉ። ልዩነቱ አዲስ አበባ ውስጥ ከርቀቱ በላይ ብዙ ይነግራችኋል። ቦሌ ኤርፖርት አካባቢ ከፍታው 2,300 ሜትር ገደማ ነው። እንጦጦ ስትወጡ ከ3,000 ሜትር ታልፋላችሁ። ይህ ሁሉ በአንድ ከተማ ውስጥ ነው።

የወንድሜ መንገድ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። የከፍታው ልዩነት ወደ 250 ሜትር።

ሌላም የምትጽፉት አለ። ክብደታችሁ ከነቦርሳችሁ ስንት ነው? ስንተኛ ፎቅ ነው የምትኖሩት? አብዛኛው ኮንዶሚኒየም ሊፍት የለውም፤ 30 ኪሎ ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ መውጣት በየቀኑ ሲሆን ያማርራል። መንገዱ አስፋልት ነው ወይስ ኮብልስቶን ይበዛዋል? ሥራ ቦታ ሶኬት ታገኛላችሁ? ይህን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።

ደረጃ 2፦ ባትሪውን በዋት ሰዓት አወዳድሩ

ወፍራሙ ላይ "80 ኪሎ ሜትር" ይላል። ቀጭኑ ላይ "60 ኪሎ ሜትር"። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይወስናል። እባካችሁ እዚህ ጋ አትወስኑ። እነዚህ ቁጥሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት ቀላል ሰው፣ ሜዳ ላይ፣ በሞተሩ ዝቅተኛ እርዳታ፣ ፔዳል እየረገጠ ሲሄድ ነው።

ባትሪው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። ቮልቱን በአምፒር ሰዓቱ አባዙ። ውጤቱ ዋት ሰዓት ይባላል፤ ባትሪው ውስጥ ያለው ጉልበት እሱ ነው። ወፍራሙ 48 ቮልት፣ 10.4 አምፒር ሰዓት፤ 499 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ቀጭኑ 48 ቮልት፣ 13 አምፒር ሰዓት፤ 624 ዋት ሰዓት። 80 ይሄዳል የተባለው በባትሪ ያንሳል! ወንድሜ ሁለት ጊዜ በካልኩሌተር አሰበው።

አሁን የራሳችሁን ፍጆታ አስሉ። ከባድ ሒሳብ አይደለም። 100 ኪሎ ክብደት 100 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት 27 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ሞተሩ ከሚወስደው ላይ ሩቡን ያህል በሙቀት ያባክናል፤ ስለዚህ 36 ብላችሁ ያዙት። በዚህ ላይ በየኪሎ ሜትሩ 10 ዋት ሰዓት ጨምሩ። ፔዳል በደንብ ከረገጣችሁ ከዚህ ያንሳል፤ ፔዳል ሳትረግጡ በእጀታው ጋዝ ብቻ ከሄዳችሁ ይበልጣል።

ወንድሜ ከነብስክሌቱና ከነቦርሳው 100 ኪሎ ገደማ ነው። በቀጭኑ ማታ ሲመለስ ለዳገቱ 90፣ ለመንገዱ 110፤ በድምሩ 200 ዋት ሰዓት። ጠዋት ቁልቁለት ስለሆነ 60 ቢበዛ ነው። ደርሶ መልስ 260። ከ624 ግማሹ እንኳን አይሞላም። ወፍራሙ ደግሞ ራሱም ከባድ ነው፤ ሰፊው ጎማም መንገድ ላይ ይጎትታል። በኪሎ ሜትር 15 ብለን ስናሰላው ደርሶ መልሱ 350 አካባቢ መጣ። አዲስ ሲሆን 499 ይበቃዋል። ባትሪ ግን ያረጃል። ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ ወደ 70 በመቶ ሲወርድ 350 ብቻ ይቀረዋል። ያኔ ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ በባዶ ባትሪ መቅረት ይመጣል።

ቀጥሎ የባትሪውን ዓይነት እዩ። ይህን በደንብ አድምጡኝ፤ እኔ የተጎዳሁበት ነው። የመጀመሪያዬን ስገዛ "ጄል ባትሪ ነው፣ ችግር የለውም" ተባልኩ። አመንኩ። ጄል ማለት የእርሳስ ባትሪ መሆኑን አላወቅኩም ነበር። ስምንተኛ ወሩ ላይ መንገድ ላይ ጥሎኝ ቀረ። ያን ሁሉ ብረት እየገፋሁ ቤት ገባሁ። የእርሳስ ባትሪ በተደጋጋሚ እስከ መጨረሻው ሲሟጠጥ ከ200 እስከ 300 ጊዜ ቻርጅ ተደርጎ ይደክማል። የተለመደው ሊቲየም ከ500 እስከ 1,000 ይሄዳል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ወደ 2,000 ይጠጋል።

ሻጩ ያለውን ከማመን በፊት ሁለት ነገር ሞክሩ። አንደኛ፣ ባትሪውን አውጥታችሁ አንሱት። 48 ቮልት 12 አምፒር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ 16 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በዚያው መጠን ሊቲየሙ 4 ኪሎ አካባቢ ነው። እጃችሁ ይነግራችኋል። ሁለተኛ፣ ቻርጀሩን ገልብጣችሁ መውጫ ቮልቱን አንብቡ። 54.6 ቮልት ካለ የተለመደው ሊቲየም ነው። 58.4 ካለና ባትሪው ቀላል ከሆነ አይረን ፎስፌት ሊሆን ይችላል።

የተመረተበትን ቀንም ፈልጉ። ባትሪ ሳይሸጥ መደርደሪያ ላይ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። ማንም ቻርጅ ሳያደርገው የቆየ ሊቲየም ውስጡ ያሉት ሴሎች ሊጎዱ ይችላሉ፤ ከውጭ ሲታይ ግን ምንም ምልክት የለውም። ሁለት ተመሳሳይ ብስክሌቶች ካሉና የአንዱ ባትሪ ቅርብ ጊዜ የተመረተ ከሆነ፣ ያ ትልቅ ልዩነት ነው።

ደረጃ 3፦ የሞተሩን ጉልበት ከኮንትሮለሩ ላይ አንብቡ

ወፍራሙ ላይ በትልቁ "1000 ዋት" ተጽፏል። ቀጭኑ ላይ "500 ዋት"። ወንድሜ "እጥፍ ነው እኮ!" አለኝ። አይደለም። አንዱ የጻፈው ሞተሩ ለጥቂት ሰከንድ የሚደርስበትን ከፍተኛ ጉልበት ነው። ሌላው ሳይግል ለረጅም ጊዜ የሚሰጠውን ጽፏል።

እውነቱ ያለው ኮንትሮለሩ ላይ ነው። ኮንትሮለር ከባትሪ ወደ ሞተር የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ትንሽ የብረት ሳጥን ነው። ብዙ ጊዜ ከባትሪው ሥር ወይም ከኮርቻው በታች ይገኛል። ላዩ ላይ ቮልትና አምፒር ተጽፏል። አባዙት። የወፍራሙ 48 ቮልት 20 አምፒር ነበር፤ 960 ዋት። የቀጭኑ 48 ቮልት 22 አምፒር፤ 1,056 ዋት። ሞተራቸው እኩል ነው ማለት ይቻላል።

ምን ያህል ይበቃል? 100 ኪሎ ክብደት አሥር በመቶ ዳገት ላይ፣ ማለትም በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ከፍ በሚል መንገድ፣ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ጎማው ላይ 450 ዋት ገደማ ይጠይቃል። ከፊሉን እግራችሁ ይሸፍናል። ለአዲስ አበባ ሳያቋርጥ 500 ዋት የሚሰጥ ሞተር በቂ ነው። ባሕር ዳር ብሆን 250 ይበቃኛል፤ የተረፈኝን ገንዘብ ለባትሪ አደርገው ነበር። አውሮፓና እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ሕጉ ሞተሩን 250 ዋት፣ እርዳታውን በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ስለሚገድበው በዋት ማወዳደር ብዙም አይጠቅማችሁም። የማዞር ጉልበቱን በኒውተን ሜትር አወዳድሩ። 40 እና 80 ዳገት ላይ አይገናኙም።

ሞተሩ የት እንዳለም እዩ። አብዛኞቹ ርካሽ ሞዴሎች የኋላ ጎማ መሐል ላይ ነው ያላቸው። ፔዳሉ ጋ የሚቀመጠው ዳገት የበለጠ ይወጣል፤ ማርሹን ስለሚጠቀም። ግን ዋጋው ይከብዳል፣ ሰንሰለቱን ቶሎ ይበላል፣ ሲበላሽ የሚያውቀው ባለሙያም ጥቂት ነው። ለመጀመሪያ ግዢ የኋላ ጎማው ላይ ያለውን እመርጣለሁ።

አንድ ሻጭ "ቁልቁለት ላይ ራሱን ቻርጅ ያደርጋል" አለን። ትንሹና ቀለል ያለው የጎማ ሞተር ውስጡ ጥርስ አለው፤ ሳይረገጥ ሲንከባለል ከጎማው ይላቀቃል። ምንም ቻርጅ አያደርግም። ጥርስ የሌለው ትልቁ ሞተር ሊያደርግ ይችላል፤ የሚመልሰው ግን ጥቂት ነው።

ደረጃ 4፦ ፍሬን

ሒሳቡ ካለቀ በኋላ ወንድሜ "ታዲያ ሁለቱም ያደርሱኛል" አለ። ልክ ነው፤ ያደርሱታል። ምርጫውን የወሰነው የጠዋቱ ቁልቁለት ነው። 250 ሜትር መውረድ፣ በክረምት፣ በእርጥብ አስፋልት፣ ከታክሲና ከአውቶቡስ መሐል። ያን ሁሉ የሚሸከመው ፍሬኑ ነው። ይህን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

ሁለቱም ላይ "ዲስክ ፍሬን" ይላል። ዲስክ ፍሬን ግን ሁለት ዓይነት ነው። ወፍራሙ በሽቦ የሚሠራ ነው። ሽቦው ይረዝማል፣ የፍሬኑ ሸራ ያልቃል፣ በየጊዜው ማጥበቅ ያስፈልጋል። ጥሩነቱ ማንኛውም ብስክሌት ሠሪ ያውቀዋል። ቀጭኑ በዘይት የሚሠራ ነው። በሁለት ጣት ይይዛል፤ ሸራው እየሳሳ ሲሄድም ራሱን ያስተካክላል። ችግሩ ዘይቱ ሲቀየር የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። አንዳንዱ ማዕድን ዘይት፣ አንዳንዱ ዶት የሚባለውን የመኪና ዓይነት ፍሬን ዘይት ይጠቀማል። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ጎማ ማሸጊያዎቹ ይበላሻሉ። የትኛው እንደሆነ መያዣው ላይ ወይም መመሪያው ላይ ይገኛል፤ ጻፉት።

የዲስኩንም ስፋት ለኩ። 180 ሚሊ ሜትር ከ160 ይሻላል፤ ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል። ከሜዳ ለማትወጡ በሽቦ የሚሠራው ይበቃል። ዳገት ላይ ለምትኖሩ ግን ገንዘብ ካላችሁ እዚህ ጋ አውጡ። ከስክሪን፣ ከመብራት፣ ከቀለም በፊት።

ሌላ ቶሎ የሚሞከር ነገር፦ የኋላ ጎማውን አንሱና በቀስታ ጋዝ ስጡ። ጎማው ሲዞር የግራውን ፍሬን በጣት ነካ አድርጉ። ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። ቀኙንም ሞክሩ። ካልጠፋ ፍሬን ስትይዙ ሞተሩ ይገፋችኋል። እንዲስተካከል ሳታደርጉ ከሱቅ አትውጡ።

ደረጃ 5፦ ጎሚስታ ጋ ሂዱ

ከመግዛታችሁ በፊት ነው የምለው። የጎማውን ቁጥር ጻፉና ሰፈራችሁ ያለውን ጎሚስታ "ይህ የውስጥ ጎማ ይገኛል?" ብላችሁ ጠይቁ። 26 ኢንች በየቦታው አለ። 20 በ4 ስንጠይቅ ሦስት ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ "ሲፈነዳ ምን ልታደርግ ነው?" ብሎ ወንድሜን ጠየቀው። ወንድሜ ከወፍራሙ ልቡ የሸሸው ያኔ ይመስለኛል።

ሻጩንም ጠይቁ። ኮንትሮለር በእጃችሁ አለ? ቻርጀርስ? ስክሪንስ? "እናስመጣለን" ከተባላችሁ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ጠይቁ። የምንሰማው ዋስትና ሁሉ መለዋወጫ ከሌለ ወረቀት ብቻ ነው።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ "እኔ አመጣልሃለሁ" ካላችሁ አመስግኑትና ይህን ንገሩት። ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን በሻንጣም በእጅም አይገባም። የብስክሌት ባትሪ ግን እንደ እነዚህ ሁለቱ ከዚህ ሦስት አራት እጥፍ ገደማ ሊሆን ይችላል። ኤርፖርት ላይ ይወሰድበታል። ከአሜሪካ ቻርጀር ብቻ የሚላክ ከሆነ ደግሞ ከሥሩ "100-240 ቮልት" መባሉን ያረጋግጥ። 110 ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ይቃጠላል።

ደረጃ 6፦ የራሳችሁ ዳገት ላይ ሞክሩት

ሱቅ በር ላይ መዞር ሙከራ አይደለም። መታወቂያ አስይዛችሁም ቢሆን ሰፈሩ ውስጥ ያለ እውነተኛ ዳገት ላይ ውጡበት። ባትሪው ሙሉ ይሁን።

መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ ቮልቱን እዩ። ከዚያ ዳገቱ መሐል ደግማችሁ እዩ። በጭነት ጊዜ ሁለት ሦስት ቮልት መውረድ ያለ ነው። ስድስት ሰባት ቮልት ከወረደ ባትሪው ደካማ ነው ወይም ለሞተሩ ያንሳል።

ከዚያ የፔዳሉን ስሜት አጢኑ። ሞተሩ መቼ እንደሚነሳ የሚወስነው ሴንሰር ሁለት ዓይነት ነው። ርካሹ ፔዳሉ መዞሩን ብቻ ነው የሚያውቀው። በቀስታ ብታዞሩትም ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ይነሳል፤ መብራት ላይ ቆማችሁ ስትነሱ ዘግይቶ ይገፋል። ሁለተኛው ዓይነት የእግራችሁን ግፊት ይለካል። በኃይል ስትረግጡ ብዙ ይረዳል፣ ቀስ ስትሉ ይቀንሳል። ሰው በበዛበት መንገድ ለጀማሪ ይህኛው የተሻለ ነው። ሁለቱም የወንድሜ ምርጫዎች ርካሹን ነበር የያዙት፤ በዚህ እኩል ወጡ።

ዳገቱ ጫፍ ላይ ቁሙና መዳፋችሁን ሞተሩ ላይ አድርጉ። ለብ ማለቱ ጤነኛ ነው። ሦስት ሰከንድ እጃችሁን ማቆየት ካቃታችሁ ያ ሞተር ለናንተ ዳገት ያንሳል።

መጨረሻ ላይ ብስክሌቱን ተሸከሙ። በእውነት፤ ደረጃ ፈልጋችሁ አንድ ፎቅ ውጡ። ወፍራሙ 33 ኪሎ፣ ቀጭኑ 26 ነው። ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጥታችሁ ለየብቻ ማመላለስ ይቻላል። የማይወጣ ባትሪ ያለውን ለፎቅ ነዋሪ ፈጽሞ አልመክርም።

ውሃን በተመለከተ፣ መመሪያው ላይ አይፒኤክስ 4 ካለ ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውሃ ይቋቋማል፤ ለዝናብ ይሆናል። ላቫጆ ወስዳችሁ በግፊት ውሃ ማሳጠብ ግን ሌላ ነገር ነው። አታድርጉት።

ደረጃ 7፦ ክፍያውና የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ደረሰኙ ላይ የባትሪው መለያ ቁጥር ይጻፍ። የብስክሌቱ ብቻ ከተጻፈ ባትሪው ሲበላሽ ክርክር ይመጣል። ዋጋ ስትከራከሩ ብር ከማስቀነስ ይልቅ ሁለት የውስጥ ጎማ፣ አንድ ጥንድ የፍሬን ሸራና ጥሩ ቁልፍ እንዲጨምሩ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ይስማማሉ።

ስለ ቻርጅ አጥብቄ የምለው አለኝ። ኒው ዮርክ ከተማ በ2023 ዩኤል 2849 የሚባለውን የደህንነት ደረጃ ያላሟላ የኤሌክትሪክ ብስክሌት እንዳይሸጥ በሕግ ከለከለች። ምክንያቱ በባትሪ እሳት ሰዎች በመሞታቸው ነው። ብስክሌቱ ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ካለ በጎ ነው። ከሌለ ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምር። አብሮት የመጣውን ቻርጀር ብቻ ተጠቀሙ። ተኝታችሁ ቻርጅ አታድርጉ። ኮንዶሚኒየም ቤት መውጫው አንድ በር ነው፤ በሩ አጠገብ ቻርጅ አታድርጉ፤ እሳት ቢነሳ መውጫ ታጣላችሁ። 13 አምፒር ሰዓት ባትሪ በ2 አምፒር ቻርጀር ከስድስት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ሥራ ቦታ ቀን ላይ ቻርጅ ማድረግ ይቀላል።

ወንድሜ ቀጭኑን ገዛ። ዋጋው ከወፍራሙ ትንሽ ይበልጥ ነበር፤ ልዩነቱን አብረን ሸፈንነው። በሁለተኛው ሳምንት፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከነዳ በኋላ፣ ቸርኬውን የያዙትን ቀጫጭን ሽቦዎች አንድ በአንድ በጣቱ እንዲነካ ነገርኩት። የኋላው ጎማ ላይ አራቱ ላልተው ነበር። አዲስ ብስክሌት ላይ ይህ የተለመደ ነው። ብስክሌት ሠሪው በአሥር ደቂቃ አጠበቃቸው። የኋላውን ጎማ ትልልቅ ብሎኖችም አብሮ ፈተሸ። አሁን በየወሩ ራሱ ያያቸዋል።